ከኮሶው ጋር የታረቀ ሰው

አንባቢ ሆይ፣ ከኮሶው ጋር ታርቆ የሚኖር ሰው አጋጥሞዎት ያውቃል? እኔ የእንስሳት ሐኪም በመሆኔ ጥገኛ ትሎችን ለዓመታት አጥንቻለሁ፤ ተሸካሚው ለትሉ ያለውን ፍቅር ግን ያስተማሩኝ አጎቴ ጋሼ ይርሳው ናቸው። ኮሶ የሌለበትን ሰው ይጠረጥራሉ። ትሉን መድኃኒት ጠጥተው ያስወጡታል፤ በማግስቱ ጥሬ ሥጋ በልተው ይተኩታል። ከዚህ የጸና ትዳር በከተማችን በቁይ አላየሁም።

በፋሲካ የቅርጫው በሬ ታርዶ ሥጋው ሲቀርብ፣ በብርንዶው ውስጥ ሩዝ የመሰሉ ነጭ ፍሬዎች አየሁ። እያንዳንዱ ፍሬ ነገ በሰው አንጀት ውስጥ የሚረዝም ትል ነው። ይህንኑ እየተናገርሁ ሳለ አጎቴ ሥጋውን በእንጀራ ጠቅልለው ወደ ነፍሰ ጡር ምራታቸው አፍ ዘረጉ። የአማት ጉርሻ አይመለስም። ልጅቱ እኔን እያየች አፏን ከፈተች።

«ጋሼ፣ ይቀቀል!»

«በፋሲካ ቅቅል? ያመመው ሰው መሰልንሽ?»

«ትሉ ቢይዛት በምን ታስወጣዋለች? እርጉዝ ኮሶ ስትጠጣ ፅንሱ እንደሚወርድ እርስዎም ያውቃሉ።»

እጃቸው ከከንፈሯ ፊት ቆመ። ዕድሜ ልካቸውን ኮሶ የጠጡ ሰው ይህን ሊክዱ አልቻሉም። የልጅ ልጃቸውንና ሥጋውን ሲመዝኑ ከፊታቸው አነበብሁ፤ ሚዛኑ ለምን ያን ያህል እንደዘገየ ዛሬም አልገባኝም። በመጨረሻ ጉርሻውን ወደ ራሳቸው አፍ መለሱት።

ምራቲቱ ተነፈሰች። አንባቢ ሆይ፣ ሥጋው ተጣለ ብለው ያስባሉ? አጎቴ ሌላ ብርንዶ ቆረጡ፤ ከፊተኛው አስበልጠው ጠቀለሉና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ እንኳ አላረገዝሽም፤ በይ ክፈቺ!»