የሽማግሌ ቀን መኪናዬ ኦፍላይን ሆነች

ጀለሶች፣ ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ ሙድ ትይዙብኛላችሁ። ይሁን፣ ያዙብኝ!

ዛሬ ህሊናን ለመጠየቅ ቤተሰቦቿ ጋ ሽማግሌ የምልክበት ቀን ነበር። ሦስት ዓመት የጠበቅኩት ቀን! አባቷ ደግሞ በሰዓት ቀልድ አያውቁም።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ደርበው ቃሊቲ የግቢያችን በር ላይ ቆመዋል። አዲሷ የኤሌክትሪክ መኪናዬ ታጥባ ታበራለች። ቁልፉ? ትናንት አውቄ ውስጥ ትቼ በስልኬ ቆልፌያታለሁ። በስልክ ስከፍታት እንዲያዩልኝ!

ሁለተኛው ቁልፍስ? እሱም ውስጥ።

"አባባ ሰይፉ፣ ይመልከቱ" ብዬ የሽማግሌዎቹን መሪ ጠርቼ ስልኬ ላይ የመኪናዋን አፕ ነካሁ።

"ተሽከርካሪው ኦፍላይን ነው።"

ምን?!

የመኪናዋ ሲም እዚህ አገር ስለማይሠራ ኢንተርኔት የምታገኘው ከቤቴ ዋይፋይ ነው። ሮጬ ራውተሩን ሪስታርት አደረግኩ። ኦፍላይን! ስልኬን አጥፍቼ አበራሁ። ኦፍላይን! አፑን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። ላቤ ጠብ ጠብ ይላል።

"ልጄ፣ ታክሲ ብንይዝስ?" አሉ አባባ ሰይፉ።

ያኔ ትዝ አለኝ። ትናንት ማታ ፓስወርድ ቀይሬያለሁ! ፊት ለፊታችን ሱቅ ያላቸው ጋሼ ሸምሱ በዋይፋዬ ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ ያያሉ ብዬ፣ እሳቸውን ላባርር። መኪናዋንም አብሬ አባረርኳታ!

መኪናዋ የምታውቀው የድሮውን ብቻ ነው። እሱን ልመልስ ብል፣ ጠፋኝ። ማን ያስታውሰዋል?

ጋሼ ሸምሱ ናቸዋ!

"ጋሼ፣ ይቅርታ... የድሮውን ፓስወርድ ያስታውሱታል?"

"ያባረርከኝን?" አሉና ከስኳሩ ጆንያ በላይ የተለጠፈ ካርቶን አሳዩኝ። በትልልቁ ተጽፏል። ለካ ለደንበኛ ሁሉ ሲያድሉት ኖረዋል! አመስግኜ ገለበጥኩና ራውተሩ ላይ መለስኩት።

መኪናዋ ተከፈተች። አንድ ሰዓት አርፍደን ደረስን።

እኔ ውጭ መኪና ውስጥ ቀረሁ። አባባ ሰይፉ መዋሸት አያውቁም፤ ለምን ዘገያችሁ ሲባሉ አንድ ሳያስቀሩ ተረኩት። ህሊና ከጓዳ ቴክስት ላከችልኝ፦ "አባዬ እየሳቀ ነው።"

ተመስገን!

"አሁን አቆመ።"

የአባቷ መልስ ይኸው፦ "ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። ያ የተባረረው ጎረቤት ግን አብሯችሁ ይምጣ። ለሰው ይሆናል ብሎ ከመሰከረለት እንነጋገራለን።"

በቀጥታ ጋሼ ሸምሱ ሱቅ ሄድኩ። ለመንኳቸው። "አስብበታለሁ" አሉ፣ ዓይናቸው ስልካቸው ላይ። "ይሄ ቪዲዮ ግን ለምንድነው የሚቆራረጠው?"

እስቲ ፍረዱኝ፦ ሚስት ለማግባት ብሎ ራውተሩን ነቅሎ ሰው ሱቅ ውስጥ የተከለ ከእኔ ሌላ ታውቃላችሁ?