«ራሳችሁ ንኩት» ባዩ መምህር ደባልቄ

ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ፣ ሲጠይቁት መልስ የማይሰጥ ሰው ሳያጋጥመው አይቀርም። የማይመልሰው ስለማያውቅ አይደለም። ያውቃል፤ ጥርት አድርጎ ያውቃል። ግን መልሱን እንደ ከረሜላ ጉንጩ ውስጥ ይዞ «እስቲ አንተው ሞክረው» ይላል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ፣ ያ ሰፈር ገና አልተቆረቆረም ማለት ነው።

አሶሳ ላይ ይህን ሥልጣን የያዙት ሊቀ ሙከራ መምህር ደባልቄ ናቸው። አንቱታው ለክብር ነው እንጂ ሰውዬው እንኳ ገና ልጅ እግር ነው። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የሳይንስ አስተማሪ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመድ ኪሱ የሚንኳኳ። የሚንኳኳው ማግኔት ነው። ከተቃጠለ ስፒከርና ከሞተ ሬዲዮ ጀርባ እየፈለቀቀ ያጠራቀመው ነው። ሬዲዮ ጠጋኞች ከሩቅ ሲያዩት ዕቃቸውን ይሸፍናሉ። የቤቱ ቁልፍ ኪሱ ከገባማ አበቃ፤ ማግኔቱ አይለቅም። በሩ ላይ ቆሞ ከገዛ ኪሱ ጋር ሲታገል ያላየው ጎረቤት የለም።

አንድ ቀን ባለሱቁ ረጀብ ደመናውን አይቶ ጠየቀው።

«ቲቸር፣ ዛሬ ይዘንባል እንዴ?»

«ወጥተህ ቁምና እጅህን ዘርጋ።»

ረጀብ የዋህ ነው። ወጣና እጁን ዘረጋ። ያን ዕለት ሰማዩ ተቀዶ ወረደ። ረጀብ እየተንጠባጠበ ሲመለስ ደባልቄ እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ ደረቁ በርጩማ ላይ ተቀምጦ «እህሳ፣ አሁን አወቅኸው!» አለው።

አከራዩ ዘመናይም ተማርራለች። «ሽሮው ጨው በቅቶታል?» ስትለው «ቅመሽዋ!» ይላታል።

«አንተ እየበላኸው አይደል እንዴ ሰውዬ?»

«የኔ ምላስ ላንቺ ምን ያደርግልሻል?»

ዘመናይ ታዲያ «ይሄ ሰው ሞቶ መልአኩ ስምህ ማን ነው ቢለው፣ ፈልገህ ድረስበት ነው የሚለው» ትላለች።

ነዕማ ግን አታማውም። ለማማት መናገር ያስፈልጋል፤ ነዕማ ደግሞ መናገር ትፈራለች። ፊደል የቆጠረችው ካገባች በኋላ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደባልቄ ጎልማሶችን በሚያስተምርበት ክፍል ከኋላው ወንበር፣ ሻርፗን እስከ አገጯ ስባ ትቀመጣለች። የምትለውን መጀመሪያ በበርታ ቋንቋ ታስባለች፤ ከዚያ ወደ አማርኛ ታዞረዋለች፤ ከዚያ ይሳቅብኝ ይሆን ብላ ትመዝነዋለች። መዝና ስትጨርስ ሰው ሌላ ወሬ ውስጥ ገብቷል። እንዲህ እንዲህ እያለች፣ ክፍሉ ውስጥ ድምፅዋን የሰማ ሳይኖር ወራት አለፉ።

የደባልቄ ክፍል ለእንዲህ ያለ ሰው ጥሩ ነው፤ ብዙ አያናግርም። «አትገምቱ፣ ንኩት!» ነው ትምህርቱ በሙሉ። አንድ ቅዳሜ መርፌ በማግኔት አሻሽቶ፣ በማንጎ ቅጠል ላይ አጋድሞ፣ ውሃ በሞላ ሳህን ላይ አስቀመጠው። ቅጠሉ ዝም አለ። ከዚያ ቀስ አለና፣ ከሩቅ ስሙን ሲጠሩት እንደሰማ ሰው ዞረ። በእጅ ቢመልሱትም እንደገና ዞረ። ከተማሪው ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው ኻሚስ ብድግ ብሎ አቅጣጫውን አየ።

«ያ ኡስታዝ! ይሄ መርፌ ቂብላ ያውቃል እንዴ? ወደ መካ ዞረ እኮ!»

«ለምን ወጥተህ አታይም?»

ኻሚስ ወጥቶ ከመስጊዱ ጋር አስተያይቶ ተመለሰ። «ትንሽ ይስታል» አለ በሐዘን። «ግን ኒያው፣ ሐሳቡ፣ ጥሩ ነው።»

ሌላ ቅዳሜ ነዕማ ከወንዝ ጥቁር አሸዋ በጨርቅ ቋጥራ አመጣች፤ ወርቅ የሚያጥቡ ሴቶች የሚደፉትን። ደባልቄ ወረቀት ላይ ነሰነሰውና ከሥር ማግኔት አስጠጋ። አሸዋው ተነሣ። ገና እንደተበጠረ ጠጉር ወዲህና ወዲያ ተከፍሎ ተኛ። ነዕማ ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገዱን አላየችውም። የቆርቆሮው ጣሪያ፣ የብስክሌቱ ጎማ፣ የጉድጓዱ ባልዲ ሁሉ በማይታይ እጅ ተይዘው፣ እሷ ብቻ ያወቀችባቸው መሰላት። እንዲህ ያለው ነገር እንዴት እንደሚባል እንጃ። ብቻ ደስ ይላል።

ደስታዋ ግን አንድ እሾህ ነበረበት፤ ጣቷ ላይ ያለው ቀለበት።

ከሠርጓ በፊት ከእናቷ ጋር ወንዝ ወርዳ፣ ራሷ አጥባ ያጠራቀመችው ወርቅ ነው። ባሏ ማህጁብ ወስዶ ለአንጥረኛ ሰጥቶ ቀለበት አሠራላት። ዘንድሮ ታዲያ ገበያ ውስጥ ጉድ ተሰማ። ሳሚያ የምትባል የሰፈር ሴት ቀለበት፣ ወርቅ ገዢው ጥቁሩን አሸዋ በሚለይበት ማግኔት ላይ እንደ ፌንጣ ዘሎ ተለጠፈ። ውስጡ ብረት፣ ላዩ ወርቅ ቅብ። ሠሪው አንጥረኛ ከከተማው ጠፍቷል። ማህጁብ ለየትኛው አንጥረኛ እንደሰጠ ነዕማ አልጠየቀችም። የሷም ከተለጠፈ፣ ወይ ማህጁብ ተታልሏል፣ ወይ ደግሞ ማህጁብ… ከዚህ በኋላ ያለውን ማሰብ አትፈልግም።

ቀለበቷ የሚፈተንበት ቅዳሜ መጣ። ደባልቄ ሚስማር ላይ የመዳብ ሽቦ ጠምጥሞ፣ የሽቦውን ጫፎች በምላጭ ፍቆ፣ በባትሪ ድንጋይ ጫፍና ጫፍ በጣቶቹ ያዛቸው። ሚስማሩ ስፒል አነሣ። አንዱን ጣት ሲያላላ ስፒሉ ወደቀ። ክፍሉ አጨበጨበ።

«አሁን ሰው ሁሉ የለበሰውን፣ ያጠለቀውን ያምጣ። ማንም አይገምት!»

ኻሚስ ቀበቶውን አስጠግቶ «ያ ኡስታዝ፣ ሱሪዬን ሊወስደው ነው!» ብሎ አሳቃቸው። ምላሰኛዋ ኢቲዳል የጠጉር መያዣዋን አስያዘችና ወደ ኋላ ዞረች።

«አሁን ነዕማ! ቀለበትሽን አምጪያ! ምነው፣ ፈራሽ? ሳሚያም እንዲህ ትኮራ ነበር!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። ነዕማ እጇን ሻርፗ ውስጥ ደበቀች። ተነሥታ ብትወጣ ወሬው ከሷ ቀድሞ ገበያ ይደርሳል። ወደ ፊት ሄደች። ደባልቄ ፊቷን አየ፣ ቀለበቱን አየ፣ እንደገና ፊቷን አየ።

ቀለበቷን አውልቃ ወደ ሚስማሩ አስጠጋች። ምንም። ነካችው። ምንም አልሳበውም።

«ይኸው!» አለ ደባልቄ፣ ከወትሮው ፈጠን ብሎ። «አለቀ! ቀጣይ!»

ክፍሉ አጨበጨበ። ነዕማ ትንፋሿ ተመለሰ። ግን ዓይን አፋር ሰው የሚያየው ወደ ታች ነው። ወደ ታች ስታይ የደባልቄን አውራ ጣት አየችው። ከባትሪው ላይ ተነሥቷል። የሽቦው ጫፍ አየር ላይ ነው።

በሰው ቀልድ የማይስቅ፣ ለዘመናይ ሽሮ እንኳ ምስክር መሆን የማይፈልግ ሰው ዋሸ። ለሷ ብሎ።

ዝም ብትል ያልፋል። ቀለበቷን አጥልቃ ትቀመጣለች፤ ኢቲዳልም አፏን ትይዛለች። ግን ማታ ማህጁብ ፊት ስትቀመጥ ያ ጥያቄ አብሯት ይቀመጣል። በበርታኛ አሰበችው። ወደ አማርኛ አዞረችው። መመዘኑን ተወችው።

«ቲቸር… ሽቦ ወጣ።»

ድምፅዋ እንዲህ ወፍራም መሆኑን ማንም አያውቅም ነበር። የደባልቄ ጆሮ ቀላ። ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ «ተይው ነዕማዬ፣ ግድ የለም» አላት።

«እኔ እይዘዋለሁ።»

ባትሪውን ተቀብላ የሽቦውን ጫፎች በጣቶቿ ተጫነች። ሽቦው ሞቀ። በመጀመሪያ ስፒል አስጠጋች፤ ተለጠፈ። አራገፈችው። ከዚያ ቀለበቱን አስጠጋች። ሚስማሩ ዝም አለ። አገላበጠችው፤ በውስጡም በውጩም ነካችው። ዝም። ቀለበቱ መዳፏ ላይ፣ ምንም እንዳልተባለ ነገር፣ ተኝቶ ቀረ።

«ማሻአላህ! እኔ ብያለሁ እኮ!» አለች ኢቲዳል፣ ያላለችው።

ደባልቄ ላቡን ጠረገ። መገመት ክልክል ነው ሲል የኖረ ሰው ገምቶ ነበር፤ ያውም ተሳስቶ። «ብረት አይደለም» አለ። «ከዚህ ሌላ ማግኔት አይናገርም።» ተማሪዎቹ ተያዩ። ሰውዬው በቀጥታ ሲናገር የሰሙት ያኔ ነው።

ነዕማ ያን ማታ ለማህጁብ የገንፎውን ትልቁን ድርሻ ሰጠችው። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አያውቅም፤ በላ፣ አመሰገነ፣ ተኛ።

ከተማው ስለ ደባልቄ ሲያወራ «አስቸጋሪ ነው፣ ግን አይዋሽም፤ አንገቱን ቢቆርጡት አይዋሽም» ይላል። ነዕማ ይህን ስትሰማ ሻርፗን ወደ አፏ ትስባለች። ሌላው ሰው ስለ መርፌውና ስለ ሽቦው ያመስግነው። እሷ የምትወድለት ያቺን አንዲት ውሸቱን ነው።