ጉልበት፣ አቅምና የእኔ ሮቶ

የእኛ ሰው ብዙ ነገር ቢቸግረውም የብርታት ቃል ቸግሮት አያውቅም። ጉልበት አለ፣ ኃይል አለ፣ አቅም አለ። ታዲያ ሁሉም የየራሱ ቦታ አለው። ጉልበት የተሸካሚ ነው። ኃይል የመንግሥትና የመብራት ነው፤ ከሁለቱም ጋር መነካካት ደግ አይደለም። አቅም ደግሞ «የለኝም» የሚባል ጓደኛው ካልተከተለው ከቤት አይወጣም፤ ቢሮ ያሉ ሰዎች ግን አዳራሽ ውስጥ በሻይና በብስኩት ይገነቡታል አሉ። በጉልበት ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። አባቶቻችን ምን ነክቷቸው ነው የሰውን ብርታት በሙሉ በእግር መታጠፊያ ስም የጠሩት? በእኔ ዕድሜ ቀድሞ የሚከዳው እሱ አይደለም እንዴ?

ይህን ሁሉ የሚያስፈላስፈኝ ባለፈው ሰሞን የደረሰብኝ ነገር ነው። ልጃችን የበኩሯን ወልዳ ለአራስነት እኛ ቤት ልትመጣ ነበር። በእኛ ሰፈር በአቃቂ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። አራስና ጨቅላ ያለ ውሃ እንዴት ይሆናሉ? እኔ ደግሞ ያልመጣ ችግር ቀድሞ የሚታየኝ ሰው ነኝ። ስለዚህ ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ገዛሁ፤ በሰቃ ሰፈር ካሉ በያጆች ዘንድ የብረት ማማ አሠርቼም አራሷ የምትተኛበት ክፍል አጠገብ አስተከልኩ። ሮቶው እስኪሰቀል ድረስ እዚያው ክፍል በር ላይ አቆምኩት። አራሷ ልትመጣ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ሁለት ጎረቤቶቼን ከሰዓት በኋላ መጥተው እንዲያነሱልኝ ለመንኩ። ዕቅዱ እንከን አልነበረውም።

ውሃው ግን ያለ ፈረቃው ጠዋት መጣ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ ፈራሁ። ሰዎቹ እስኪመጡ ቢሄድስ? የቧንቧውን ጎማ ጎትቼ መሬት ላይ ያለው ሮቶ ውስጥ ከተትኩና እስከ አፉ ሞላሁት። ክዳኑን እንደገጠምኩ ውሃው ሄደ። በጥንቃቄዬ ኮራሁ።

ከለመንኳቸው ጎረቤቶቼ ቀድሞ የደረሰው ደጉ የሚባለው ነው። ባቡር ላይ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ስለሆነ ከባድ ነገር ባየ ቁጥር አስተያየት ሳይሰጥ አያልፍም። ሮቶውን በመዳፉ መታ መታ አደረገና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይኸ እኮ ሞልቷል!» አለኝ። መሙላቱንማ አውቃለሁ፣ የሞላሁት እኔ ነኝ አልኩት። «ሺህ ሊትር እኮ አንድ ቶን ነው! የጠራኸው እኛን ነው ወይስ ክሬን?» ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ባለሱቁ ሸምሱ ተከተለ። ሸምሱ የስልጤ ልጅ ነው፤ የስኳር ጆንያ እንደ ትራስ ያነሳል። እጅጌውን ሰብስቦ፣ ሮቶውን አቅፎ ገፋ። ሮቶው ንቅንቅ አላለም፤ ሸምሱ ግን በጣም ተነቃነቀ። ትንፋሹን ሲያገኝ፣ የገፋሁት እኔ ይመስል፣ «ጋሼ፣ አላህ ጉልበት ይስጥዎት» አለኝ።

በሩ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው፤ ሮቶው ደግሞ ጥርቅም አድርጎ ዘግቶታል። ነገ አራሷ በመስኮት ልትገባ ነው?

አላፊ አግዳሚው ቃል አልነፈገንም። «በርቱ!» ይላል አንዱ፤ «አይዟችሁ!» ይላል ሌላው። አንድ ባለባጃጅ ሳይወርድ፣ «ፋዘር፣ ኃይል ጨምሩበት!» ብሎን አለፈ። ያን ቀን የተሰጠን ብርታት ቢመዘን ከሮቶው ይከብድ ነበር። «አፍሱት» ያለ ግን አልተገኘም። አቃቂ ላይ ውሃ መሬት የሚያፈስ ሰው ጤናው ይጠረጠራል።

ባለቤቴ አስካለ ከገበያ ተመለሰች። ሮቶውን አየች፣ በሩን አየች፣ እኔን አየች። ሦስተኛው ላይ ትንሽ ቆየች። ከዚያም፣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» አለችና አጥር ላይ ተንጠልጥላ፣ «ጀሪካን ያላችሁ ኑ!» ብላ ተጣራች። ግቢው ወዲያው በቢጫ ጀሪካን ተሞላ። አንድ ቶን ውሃ በሴቶች ጀርባና እጅ ተከፋፍሎ በሰላም ወጣ። ባዶ የቀረውን ሮቶ እኔና ሸምሱ እንደ ቅርጫት አንስተን ማማው ላይ ሰቀልነው። ደጉ ከድንጋዩ ሳይነሳ «ቀስ! ወደ ግራ!» እያለ አገዘን።

በሩ ተከፈተ፤ ውሃው ግን የለም። ነገን እያሰብኩ ስብሰለሰል አመሸሁ።

ልጄ በማግስቱ ጨቅላዋን ታቅፋ ገባች። ቧንቧውን ብትከፍተው አየር ተነፈሰባት። ፊቴን ወዴት ላዙረው ስል፣ ሴቶቹ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» እያሉ ተከታትለው ገቡ። አንዷ ገንፎ፣ አንዷ በፔርሙዝ ፍል ውሃ ይዛለች፤ የሸምሱ ሚስት የሕፃኑን ጨርቅ ሰብስባ፣ ውሃው እኛ ጋ ነው፣ እዚያው አጥበዋለሁ ብላ ወሰደችው። አራሷ ታጠበች፣ በላች፣ ወዛች። የእኔም ስንት ቀን የተቋጠረው ግንባሬ ተፈታ።

አመሻሽ ላይ ልጄ በመስኮት ወደ ማማው አየችና፣ «አባዬ፣ ያ ላይ የተቀመጠው ውሃ አለው?» አለችኝ።

ጠብታ የለውም አልኳት።

«ታዲያ ምን ይሠራል?»

እሱማ ኃላፊያችን ነው፣ ሥራውን ከታች ያሉት ይሠሩታል አልኳት።