ሃያ ሰባት ሰው የወደደው ጭስ

[ነሐሴ 2007 ዓ.ም.፣ እኩለ ቀን፣ መርካቶ ሰባተኛ። ዛኪር የስፖንጅ ፍራሽ ነጋዴ ነው፤ ሱቁ እስከ ጣራው በፍራሽ ታጭቋል። አጠገቡ ጋሼ ሀብተ ወልድ ጃንጥላ ይሸጣሉ። ዛኪር ስማርት ስልክ ከገዛ ወዲህ የማያውቀው ነገር የለም፤ ቢኖርም እስካሁን የነገረው አልተገኘም።]

ዛኪር፦ ጋሼ፣ ሃያ ሰባት ሰው ወዶታል ስልዎት!

ሀብተ ወልድ፦ ምኑን?

ዛኪር፦ ጭሱን። ቅድም ከጥጉ ጀርባ ሲወጣ አንስቼ ፌስቡክ ላይ የለጠፍኩትን። «ሰባተኛ ጭስ ታይቷል፣ ጥንቃቄ ይደረግ» ብዬ።

ሀብተ ወልድ፦ ጭስ የሚወድ ሰው አለ? ዓይኑን አያቃጥለውም?

ዛኪር፦ በስልክ ነው የሚያዩት። ድሮ እሳት ሲነሳ ቆርቆሮ ደብድበን ነበር የምንጣራው። ዛሬ ዓለም አንድ ሰፈር ሆኗል።

ሀብተ ወልድ፦ [አየሩን እያሸተቱ] እኔንስ በቆሎ በቆሎ ይለኛል።

ዛኪር፦ እርስዎ ደግሞ ሁሉም ነገር የሚበላ ይመስልዎታል።

[ስልኩ ይጮኻል። ያነብና ፊቱ አመድ ይመስላል።]

ዛኪር፦ ያ ረቢ! የአክስቴ ልጅ ሀፍሷ ከጅዳ ፎቶ ለጥፋ ጽፋለች። «ሰባተኛ በእሳት እየጋየ ነው፣ ተርፋችኋል ወይ?» ሦስት ሺህ ሰው ተቀባብሎታል!

ሀብተ ወልድ፦ የትኛው ሰባተኛ?

ዛኪር፦ ስንት ሰባተኛ አለ? ይሄው ነዋ!

ሀብተ ወልድ፦ ታዲያ እኛ የት ነን?

ዛኪር፦ እሳቱ ውስጥ!

ሀብተ ወልድ፦ [እጃቸውን ዘርግተው] አይሞቅም እኮ።

ዛኪር፦ ጅዳ ያለ ሰው ያየውን እርስዎ እዚህ ቆመው አያዩም?

ሀብተ ወልድ፦ እስቲ ፎቶውን አሳየኝ። [አስጠግተው] ይቺ ጥግ ላይ ያለችው ቀይ ጃንጥላ የእኔ አይደለችም? ቅድም አንተ ያነሳኸው ነው።

ዛኪር፦ ጋሼ፣ በዚህ ሰዓት ስለ ጃንጥላ! ስፖንጅ እኮ ነው፤ እሳት ከነካው ዐይንዎን እስኪያሹ አይቆይም። ሦስት ልጆች የማሳድገው በዚህ ነው። ይርዱኝ!

[ዛኪር የምሩን ነው፤ ፍራሽ መጎተት ጀምሯል። ጋሼ አሳዘናቸውና አንዱን ጫፍ ያዙ። ፍራሹ ሁሉ እየወጣ መንገዱ ላይ ይቆለላል።]

ሀብተ ወልድ፦ [ሰማዩን እያዩ] ዛኪር፣ በእንጦጦ በኩል ጠቁሯል።

ዛኪር፦ አላልኩዎትም? ጭሱ እዚያ ደርሷል!

ሀብተ ወልድ፦ ኧረ ደመና ነው። ሠላሳ ዓመት ጃንጥላ ስሸጥ ይሄን ሰማይ አላጣውም። ፍራሹን ባናወጣው ይሻላል።

ዛኪር፦ ሦስት ሺህ ሰው ጭስ ካለ እርስዎ ብቻዎን ደመና ሊሉ?

[የመጨረሻው ፍራሽ ወጣ። ወዲያው ዶፉ ወረደ።]

ዛኪር፦ [እጆቹን ወደ ሰማይ ዘርግቶ] አልሐምዱሊላህ! ዝናቡ እሳቱን አጠፋልን!

[ከጥጉ ጀርባ በቆሎ ጠባሿ እትዬ ሸዋርካብሽ ምድጃዋን ታቅፋ እየሮጠች ትወጣለች። «ስንት ለፍቼ ያቀጣጠልኩትን ከሰል አጠፋው» እያለች ዝናቡን ትረግማለች። ጭሱም አብሯት አለፈ። ዛኪር መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ስልኩን፣ በመጨረሻ ፍራሾቹን አየ።]

ዛኪር፦ ፍራሼ...

[ጋሼ ሱቃቸው ገቡ። አዳዲስ ጃንጥላ በክንዳቸው ታቅፈው ወጡና በፍራሾቹ ላይ አንድ በአንድ ይዘረጉ ጀመር፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አበባ ያለበት። ሁለቱ ተጋግዘው ፍራሹን በጃንጥላ ሥር እየጎተቱ መለሱት። የራሰው ከላይ ያለው ብቻ ነው። ዛኪር እፎይ ብሎ የሱቁ ደፍ ላይ ተቀመጠ።]

ዛኪር፦ ጋሼ፣ አላህ ይስጥዎት። ግን ጭሱ የበቆሎ መሆኑን፣ ደግሞም እንደሚዘንብ ካወቁ ምናለ ጠበቅ አድርገው ቢነግሩኝ?

ሀብተ ወልድ፦ [ጃንጥላ እያራገፉ] ነገርኩህ እኮ ልጄ። ምን ላድርግ፣ ሃያ ሰባት ሰው አልወደደልኝም።