የአስናቀ ጉሮሮ

በአገራችን «ኔትወርክ የለም» የሚለውን ያህል የተከበረ ውሸት ያለ አይመስለኝም። ጉዳይ ልታስፈጽሙ ቢሮ ስትሄዱ ኔትወርክ የለም፤ ባንክ ስትሄዱ ኔትወርክ የለም፤ ዘመድ ስልክ ሳያነሣ ሲቀር ኔትወርክ አልነበረም። ማንም አይመረምረውም፣ ማንም አይቀየምበትም። እኔ ግን እጅግ በቸገረኝ ሰዓት ይህን ውሸት ልጠቀምበት አልቻልሁም። ባሌ አስናቀ የኮሌጅ ኔትወርክ ሠራተኛ ነበር። እናቱ እማሆይ ወርቄ ደግሞ ጎርጎራ ተቀምጠው «የእኔ ልጅ ባለበት ኔትወርክ አይጠፋም» እያሉ ለጎረቤት ሲኮሩ የኖሩ ሴት ናቸው። ለእኒህ ሴት ልጅዎ ስልክ የማያነሣው ኔትወርክ ጠፍቶ ነው ቢባሉ ማን ያምናል?

አስናቀ የሞተው በድንገት ነው። ጠዋት በእግሩ ሥራ ገባ፣ ከሰዓት በኋላ በሰው እጅ ወጣ። እዚሁ ባሕር ዳር ቀበርነው። እማሆይ በዚያው ሰሞን ልባቸውን ታመው ተኝተው ስለነበር ሐኪማቸው ድንጋጤ ይጎዳቸዋል አለ። ወንድማቸው አያ ደምስ ዘመዱን ሰብስበው፣ እስኪያገግሙ መርዶው ይቆይ ብለው ወሰኑ። ጎርጎራ ላለው ዘመድና ጎረቤትም አፉን እንዲይዝ ተላከበት። ደንባችን ነው፤ ሞት ሳያስፈቅድ ይገባል፣ ወሬው ግን ሽማግሌ ካልመራው በር አይደፍርም።

ዳሩ ግን የሞተ ሰው እናቱ ዘንድ በየእሑዱ እንዴት ይደውላል? ይህን ችግር ሽማግሌዎቹ ለእኔ ተዉት። እኔም እማሆይ ሲደውሉ «ጉሮሮውን ታሞ ሐኪም እንዳይናገር ከለከለው» አልኋቸው። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ሳስተምር ተማሪዎቼን ልብ ወለድ ጻፉ እያልሁ ስጨቀጭቅ፣ ራሴ አንድም ቀን ጽፌ አላውቅም ነበር። እማሆይም ከልጅነቱ ቀዝቃዛ ውኃ እንደሚያበዛ ነገሩኝ። በሳምንቱ በጀልባ አንድ ማሰሮ ማር ደረሰኝ፤ በሎሚ እያደረግሁ እንዳጠጣው። ማሰሮውን ተቀብዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ከአስናቀ ካፖርት ሥር አስቀመጥሁት። ማልቀስ የጀመርሁት ያን ቀን ይመስለኛል። በቀብሩ ቀን ያለቀስሁት ሰው ሲያለቅስ አይቼ ነው።

ውሸቴን አንድ ምስክር ደገፈው። አስናቀ በሕይወቱ ሳለ ከዓባይ ማዶ ቤታችን አጠገብ ያለው ቤተ ክርስቲያን ዐውደ ምሕረት ላይ አንድ ካሜራና አንድ ማይክ ገጥሞ ነበር፤ መምጣት ለማይችሉ አረጋውያን ስብከቱ ቤታቸው ድረስ እንዲተላለፍ። እናቱ ቤትም ሄዶ፣ ቴሌቪዥኑ ሲበራ የቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል በራሱ እንዲመጣ አድርጎላቸዋል። ለእማሆይ ሥዕሉ ከመጣ ልጃቸው ሥራ ላይ ነው። ድምፅ ባይኖረው እጅ አለው፤ እጅ ካለው ደኅና ነው።

ታዲያ አንድ እሑድ የካሜራው ቻርጀር ተቃጠለና ሥዕሉ ጠፋ። ቅዳሴ ሳይወጣ ስልኬ ጮኸ። እማሆይ ናቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«እንግዲህ ድምፁም ጠፋ፣ ሥዕሉም ጠፋ። የሚመጣው ሳምንት ጀልባ ተሳፍሬ እመጣለሁ» አሉኝ።

በዚያ በታመመ ልባቸው ጣናን አቋርጠው፣ ደጃፌ ደርሰው፣ ሳሎን ግድግዳው ላይ ጥቁር ጨርቅ የዞረበትን ፎቶ ሲያዩ ታየኝ።

መፍትሔውም ያለው ከማሩ አጠገብ ነበር። አስናቀ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ገዝቶ ሳይገጥመው የቀረ ጥቁር የብረት ሣጥን። ስዊች ይሉታል፤ መብራት ማብሪያውን ማለቴ አይደለም። የኔትወርክ ገመዶች ሁሉ እሱ ላይ ይሰካሉ። ሥዕሉንና ድምፁን ያሳልፋል፣ በዚያው ገመድ ደግሞ ለካሜራውም ለማይኩም ኤሌክትሪክ ይልክላቸዋል። እሱ ላይ ከተሰካ ካሜራው የራሱ መሰኪያ፣ የራሱ ቻርጀር አያስፈልገውም። የሚናገርበት ገመድ ራሱ ያበላዋል፤ እንደ ሰባኪ ማለት ነው።

የሚገጥመው ሰው ፈልጌ የአስናቀን የሥራ ባልደረባ ታከለን ጠራሁት። ታከለ ደግ ሰው ነው። ብቻ ከሚበላሽ ነገር ሁሉ በፊት «ቀላል ነው» የማለት ልማድ አለው። የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃ ቤት ቁልፍ የያዙት መሪጌታ ኅሩይ ከመሰላሉ ሥር ቆመው ሥራውን ሲያዩ ቆዩና፣ እውነት እሳትና ቃል በአንድ ገመድ ይሄዳሉ ወይ ብለው ጠየቁ። ታከለ ቀላል ነው አላቸው። መሪጌታ ወደ መሰላሉ አናት ቀና አሉ።

«ሙሴ ያየውም ቁጥቋጦ እየነደደ አልተቃጠለም። ብቻ እሱን የገጠመው ታከለ አልነበረም።»

ገመዱ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ባለቀለም ሽቦዎች አሉ፤ ቅደም ተከተላቸው ከተሳሳተ ሁሉም ነገር ድንጋይ ነው። ታከለ መጀመሪያ ብርቱካናማውንና አረንጓዴውን አዛነቀ። ፈታው፣ ቆረጠው፣ እንደ ገና ደረደረው። እኔ መሰላሉን ይዣለሁ። ሰው የሞተበትን በጸሎት ያስባል፣ በዝክር ያስባል፤ እኔ መሰላል ይዤ ባሌን በሕይወት አቆያለሁ። በመጨረሻ ሣጥኑ ላይ አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለ፣ ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ሥዕሉ መጥቷል፤ ነገር ግን የሚታየው የአንድ ሰው አፍንጫ ነው፣ የአስናቀ ደግሞ አይደለም አሉ እማሆይ። የታከለ ነው፣ አስናቀ ከታች ሆኖ ያዝዘዋል አልኋቸው። «ድሮም ማዘዝ ይወዳል» ብለው ሳቁ። ታከለም የባሕር ዳር መብራት ሲጠፋ ሥዕሉ እንዳይቋረጥ ሣጥኑን ከባትሪ ጋር አገናኝቶ ዕቃ ቤት ውስጥ አስቀመጠው፤ መሪጌታ ቆለፉበት።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ የሆነውን ስሙኝ።

ቀድሞ ስብከት ሲያልቅ አንዱ መሰኪያ ይነቀልና ሞንታርቦውም ካሜራውም ማይኩም አብረው ይሞታሉ። አሁን ሲነቀል ሞንታርቦው ብቻ ዝም ይላል። ማይኩ የሚበላው ከሣጥኑ ነው፣ ሣጥኑ ከባትሪው፣ ባትሪው ከተቆለፈ በር ኋላ። ይህን ማን ነገረን? ማን ጠየቀ? ሞንታርቦው ዝም ካለ ነገሩ ሁሉ የጠፋ መስሎን፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ እማሆይ አገግመዋል ሲባል፣ አርባው ሳይደርስ መርዶው ይነገር ብለን ምክር የተቀመጥነው የት ይመስላችኋል? እሑድ ስብከት እንዳለቀ፣ ጥላው ይሻላል ብለን ዐውደ ምሕረቱ ላይ፣ ከማይኩ ሥር። ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል እንሰማ ነበር፤ እኛ ግን ጆሮውን ገዝተን፣ ባትሪ አብልተን፣ ከፊቱ ተቀመጥን።

ምክሩም ምክር ሆኖ አይደለም። ሐሙስ በጀልባ ተሻግሮ፣ ጎርጎራ ዘመድ ቤት አድሮ፣ ዓርብ ወፍ ሳይንጫጫ በራቸውን ማንኳኳት ላይ ሁሉም ተስማማ። የሚናገር ሰው ግን ጠፋ። አያ ደምስ እኅታቸው ፊት ቆመው ይህን ቃል ቢያወጡ የእሳቸውም ልብ ደካማ ስለሆነ ቀድመው የሚወድቁት እሳቸው እንደሆኑ ተናገሩ። መሪጌታ ከኢዮብ ታሪክ እጀምራለሁ አሉ። አያ ደምስ፣ እርስዎ ኢዮብን እስኪጨርሱ ዓርብ ያልቃል አሏቸው። ታከለ መናገሩ ቀላል ነው አለና፣ አንተ ተናገር ሲባል ጫማውን ማሰር ጀመረ። በመጨረሻ መሪጌታ ከፊት እንዲሆኑ፣ እኔ ፊቴ ስለሚያሳብቅ ከኋላ እንድሆን ተወሰነ።

ያን ጊዜ ነው እኔ ሳላስበው አፌን የከፈትሁ።

«ባይነገራቸውስ?» አልሁ። «በቤቴ ሞቷል፣ በኮሌጁ ሞቷል፣ በሰፈሩ ሞቷል። ጎርጎራ ብቻ ነው ጉሮሮውን ታሞ ያለው። አንድ ቤት እንኳ ይትረፍልኝ።»

አያ ደምስ ትከሻዬን ይዘው አስነሡኝ፣ ሐሙስም ጀልባው ተነሣ።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ፣ መሪጌታ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን እማሆይ በር ደረስን። የሚንኳኳ በር አልነበረም፤ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከጎረቤት የተሰበሰበ አግዳሚ ዙሪያውን ተደርድሯል። ንፍሮው ተቀቅሎ ቀርቧል። እማሆይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከራስጌያቸው ቴሌቪዥኑ በርቷል፤ ባዶውን ዐውደ ምሕረታችንን፣ አሁን ገና የሚነጋበትን፣ ርግቦች የሚለቅሙበትን ያሳያል። ታከለ ሥዕሉን አየና በቁሙ ቀረ።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እማሆይ እጃቸውን አነሡ።

«ኢዮብን ይተዉት መሪጌታ፤ ድካም ነው። ደምስ፣ አንተ ተቀመጥ፤ ልብህ ደካማ ነው አላልህም? ውኃ ስጡት። ወፍ ሳይንጫጫ ብላችሁ ነበር፣ ወፉ ተንጫጭቶ አለቀ።»

እንዲህ ያለ መርዶ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መርዶ ነጋሪዎቹ ሲያለቅሱ መርዶ ተቀባይዋ አጽናኑ። አያ ደምስ እንደ ፈሩት ቀድመው ወደቁ፤ ውኃ ተረጨባቸው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኛ ንጋቱን ይዘን ስንመጣ እውነቱ ከእሑድ ጀምሮ ቤቱን ጠርጎ ሲጠብቀን ነበር። ለቅሶውም መጣ፤ እሱስ የት ይቀራል። የእማሆይ ዋይታ አንድ ጊዜ ብቻ ወጣ፣ እስከ ሐይቁ ድረስ የተሰማ ይመስለኛል።

ከሰዓት በኋላ ሰዉ ሲሳሳ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። የማሩን ማሰሮ መልሼ ይዤ ሄጄ ነበርና አቀበልኋቸው፤ እንዳልተነካ አዩት። መልሰው እቅፌ ውስጥ አኖሩት።

«ዝም ልል ነበር፣ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው። «እሑድ ያልሽውን ከሰማሁ ወዲህ ሳስብ ነው የቆየሁ። አንድ ቤት ይትረፍላት፣ የማላውቅ መስዬ ልኑርላት ብዬ ነበር። እነዚህ ሽማግሌዎች ጀልባ ባይሳፈሩ።»

ባሕር ዳር ተመልሰን አርባውን አወጣን። ታከለ በኀፍረት ለማይኩ ማጥፊያ ላብጅለት፣ ቀላል ነው አለኝ። ተወው አልሁት። መሪጌታም አሁን ከማይኩ ሥር ማንንም አያሙም፤ ለሣጥኑ እንደ አንድ መንፈሳዊ ጥቅም ይቆጠርለት።

ባለፈው እሑድ ስብከቱ እንዳለቀ፣ ሰዉ ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ዐውደ ምሕረቱ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ጮኸ። እማሆይ ናቸው። ሥዕሉ ጥሩ ነው፣ ነጠላሽ ግን ወይቧል አሉኝ። ስለ ልባቸው ጠየቅኋቸው፣ ስለ ዓሣ መወደድ አወሩኝ። ስንብት ላይ ደረስን።

«ጉሮሮው እንዴት ሆነለት?» አሉ።

ወደ ካሜራው ቀና አልሁ።

«ደኅና ነው እማሆይ። ሐኪሙ ግን አሁንም እንዳይናገር ከልክሎታል።»

«ማሩን አታቋርጪበት» አሉኝ።