ቪዲዮውን ማን ያዘው

[ሀይሌ ጋርመንት፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ፣ የጋሽ ሲራክ ሳሎን። የብሎኩ ሰው ግማሹ የሚጠቀመው በእሱ ዋይፋይ ነው። እሱ አዲሱን ስልኩን ይዞ ይንጎራደዳል፤ ጎረቤቱ ዓለሚቱ እጇን ክሬም እንደነካው መጥታለች።]

ሲራክ፦ ኢንተርኔቱ አልተበላሸም እያልኩሽ ነው። ሆን ብለው ነው።

ዓለሚቱ፦ ለኔ ያው ነው ጋሽ ሲራክ። የነገዋ ሙሽራ ኬክ ላይ ጽጌረዳ መሥራት አለብኝ፤ በቪዲዮ የምታስተምረው ሴትዮ ክሬሙን ልትጨምቅ ስትል ደርቃ ትቀራለች።

ሲራክ፦ ይኸውልሽ። ፎቶ ይከፍታል፣ መልእክት ይገባል፤ ቪዲዮ ብቻ ይንቀራፈፋል። በቪፒኤን ሲሆንስ? [ይነካካል] እይው፣ እንደ ውሃ ይፈሳል።

ዓለሚቱ፦ ቪፒኤን ደግሞ ምንድን ነው?

ሲራክ፦ የምታዪውን የሚሸፍን ነጠላ በይው። ተሸፋፍነሽ ስትሄጂ አለፍሽ፤ ተገልጠሽ ስትሄጂ ተያዝሽ። እንግዲህ በሩ ላይ ፊት እያየ የሚያስቆም ሰው አለ።

ዓለሚቱ፦ ማነው እሱ?

ሲራክ፦ ኢንተርኔት አቅራቢው ድርጅት ነዋ። ሁሉንም እኩል ማሳለፍ ሲገባው። ጎረቤቱን በሙሉ ጠርቻለሁ፤ ዛሬ በማስረጃ አጋልጠዋለሁ።

ዓለሚቱ፦ እኔን እኮ ከአምና ጀምሮ ነው የሚያስቆመኝ። ስነግርህ «ስልክሽ አሮጌ ነው» አልከኝ።

ሲራክ፦ ያኔ ማስረጃ አልነበረም። እኔን የነካኝ ይህን ስልክ ከገዛሁ ወዲህ ነው። አዲስ መሆኑን አይተው ይሆናል።

ዓለሚቱ፦ የድሮውስ?

ሲራክ፦ መሳቢያ ውስጥ አለ።

ዓለሚቱ፦ እንግዲያው አውሰኝ፤ የኔ ባትሪ ሞቷል። [ከመሳቢያው አውጥታ ቪዲዮውን ትከፍትበታለች። ሴትዮዋ ሳትደርቅ ጽጌረዳዋን ጨርሳ ወደ ቅጠሉ ታልፋለች።] ለካ ቅጠልም አለው።

ሲራክ፦ ቪፒኤን ከፈትሽ?

ዓለሚቱ፦ እሱን የት አውቄው።

ሲራክ፦ በኔ ዋይፋይ ነው?

ዓለሚቱ፦ በማን ሊሆን ኖሯል? ምነው፣ ድርጅቱ የድሮውን ስልክህን ይወደዋል እንዴ?

ሲራክ፦ ድርጅቱማ ስልኬን ከስልክሽ አይለይም። የሚለየው እዚህ ዋይፋዩን የሚያከፋፍለው ራውተር ነው... [ድምፁ ይሰልላል]

ዓለሚቱ፦ ምነው ደረቅክ? አንተም እንደ ሴትዮዋ።

ሲራክ፦ አምና ኳስ ሲቆራረጥብኝ ጊዜ ራውተሩን «ከእኔ ስልክ በቀር የሌላውን ሁሉ ቪዲዮ አዘግይ» ብዬው ነበር።

ዓለሚቱ፦ አዲሱን ስልክህንስ?

ሲራክ፦ አላስተዋወቅኳቸውም።

[ዓለሚቱ ክሬም የነካው እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች።]

ሲራክ፦ ዓለሚቱ፣ ስብሰባው ለሌላ ቀን ቢዛወርስ?

[በሩ ይንኳኳል። የጎረቤት ድምፅ ደረጃውን ሞልቶታል።]

ዓለሚቱ፦ ተነስና ክፈትላቸው እንጂ። ደግሞ ሁሉንም እኩል አሳልፍ።