በሦስተኛው ውጡ

ሀበሻ ሲሰደድ ከሻንጣው በፊት ሽማግሌውን ያሻግራል። አላመናችሁኝም? አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባልና ሚስት ድምፃቸውን ከፍ ካደረጉ፣ ፖሊሱ ፓርኪንግ ሳያገኝ ሦስት ሽማግሌ ሳሎናቸው ገብቶ ተቀምጧል። ባልና ሚስት ይታረቃል፣ ወንድማማች ይታረቃል፣ አከራይና ተከራይም እንደ ምንም ይታረቃል። ኮርድ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ግን ያየሁት በልጄ ሠርግ ሰሞን ነው። ወደው አይስቁ አሉ።

ልጄ ቤዛ የምታገባው የቨርጂኒያዋን የአሌክሳንድሪያ ልጅ ነው፣ ጥቁር አሜሪካዊ። አባቱ ሚስተር ኧርል ጡረታ የወጡ ፀጉር አስተካካይ ሲሆኑ፣ ከፀጉር ቀጥሎ የሚያውቁት ብሉዝ መዝፈን ነው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ግን በሰው ፊት አፋቸውን ከፍተው አያውቁም። ለልጃቸው ሠርግ ሲሆን፣ ሚስታቸው ይወዱት የነበረውን ዘፈን እዘፍናለሁ አሉ፤ የእናንተ ሙዚቀኞች ያጅቡኝ ብለው። የእኛ ሙዚቀኞች ማለት ኪቦርድ የሚጫወተው ደረጀና ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ሞገስ ናቸው። ከፌርፋክስ እስከ በልትስቪል ያለ እነሱ የተዳረ ሰው ካለ፣ በድብቅ የተዳረ መሆን አለበት። አንዱ ለአንዱ ልጅ የክርስትና አባት ነው።

ብሉዝ፣ ለማታውቁት፣ አሥራ ሁለት ሜዠር ያላት አጭር መንገድ ናት። ሜዠር ማለት አራት ጊዜ እግር መምታት ነው። ኮርዶቿ፣ ማለትም ባንድነት የሚመቱት የድምፅ ጥምሮቿ፣ ሦስት ናቸው፤ የመጀመሪያውን ቤት በሉት፣ ሁለተኛውን ጎረቤት፣ ሦስተኛውን ገበያ። ዘፈኑ ከቤት ተነስቶ ጎረቤት ይጠይቃል፣ ቤት ይመለሳል፣ ከዚያ ገበያ ይወርድና በጎረቤት በኩል አድርጎ ቤቱ ይገባል። ጠቡ የተነሳው ከቤት በሚወጣበት ሰዓት ነው። አንዳንዱ አራት ሜዠር ቤቱ ተቀምጦ በአምስተኛው ይወጣል። አንዳንዱ ደግሞ ገና በሁለተኛው ብቅ ብሎ፣ ጎረቤቱን ሰላም ብሎ ይመለሳል። ሁለቱም ያለና የነበረ ነው።

ልምምድ ላይ ሞገስ በአምስተኛው አለ፤ ደረጀ በሁለተኛው።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አለ ሞገስ።

"ቤት የሚጠብቅማ ውሻ ነው" አለ ደረጀ።

ውሻ ከተጠራ በኋላ ሙዚቃውን ማን ያስታውሰዋል? ሞገስ ጊታሩን ቦርሳው ውስጥ ከቶ ወጣ። ቤዛ እያለቀሰች ኮል አደረገችኝ። "ዳዲ፣ ፕሊስ ዱ ሳምቲንግ! ሚስተር ኧርል እኮ በየቀኑ ፕራክቲስ እያደረገ ነው። ባንዱ ተጣላ ብዬ እንዴት ልንገረው?"

አባት ምን ያደርጋል? ሽማግሌ ሰበሰብኩ።

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ወርቁ ናቸው። ስለ ሙዚቃ የሚያውቁት ሲበዛ ጆሮ እንደሚያሳምም ነው። እኔም ለእናንተ እንዳስረዳሁት ቤቱን፣ ጎረቤቱንና ገበያውን አስረዳኋቸው። ጋሽ ወርቁ አገጫቸውን ይዘው ቆዩና፣

"ጎረቤት የሄደው ሰውዬ ቤቱ ይመለሳል?" አሉ።

"ይመለሳል፣ ጋሼ" አለ ደረጀ።

"ያኛውስ፣ ዘግይቶ የወጣው?"

"እሱም ይመለሳል" አለ ሞገስ።

"ታዲያ ምን አጣላችሁ?"

ሽማግሌዎቹ ጥግ ሄደው ሲንሾካሾኩ ቆይተው በፍርድ ተመለሱ፤ ሁለተኛው ችኮላ ነው፣ አምስተኛው ስንፍና ነው፣ በሦስተኛው ውጡ።

"ጋሼ፣ በሦስተኛው የሚወጣ ብሉዝ እኮ የለም" አለ ሞገስ።

"ከዛሬ ጀምሮ አለ" አሉ ጋሽ ወርቁ። "በሉ ተሳሳሙ።"

ተሳሳሙ። የሽማግሌን ቃል ማን ይሽራል?

የሠርጉ ቀን፣ አሌክሳንድሪያ ባለው አዳራሽ፣ ሚስተር ኧርል ማይኩን ያዙ። ጀመሩ። ሦስተኛው ሜዠር ሲደርስ ደረጀና ሞገስ ጋሽ ወርቁን ገልመጥ አድርገው ተያይዘው ጎረቤት ገቡ። ሚስተር ኧርል ግን አልወጡም። የሚስታቸው ስም ላይ ደርሰው እዚያው ቀርተዋል። ሁለቱ ደንግጠው ተመለሱ፣ ጠበቁ። ሚስተር ኧርል ስሙን ጎትተው፣ ጎትተው፣ ዓይናቸውን ጠርገው ሲጨርሱ ወጡ። ስድስተኛው ይሁን ሰባተኛው፣ እንጃ። በሁለተኛው ዙር ደግሞ ሌላ ቦታ ወጡ። ደረጀና ሞገስ መቁጠሩን ትተው የሚስተር ኧርልን አፍ ማየት ጀመሩ፤ እሳቸው ሲቆሙ ቆሙ፣ ሲሄዱ ሄዱ። አዳራሹ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል።

ከመድረክ ሲወርዱ አቅፌ ከቤት የሚወጡት በስንተኛው እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"ቆጥሬ አላውቅም" አሉ። "ስትቆጥርልኝ የነበረችው እሷ ናት። አሁን የምለው ሲያልቅ እሄዳለሁ።"

ለጋሽ ወርቁ ተረጎምኩላቸው። ደረጀንና ሞገስን ጠሩ። "እንግዲያው ፍርዱ ተሻሽሏል። ሰውዬው ሲጨርስ ውጡ።"

ደረጀና ሞገስ በሰላም ተመለሱ ብዬ ብጨርስ ደስ ባለኝ። አሁን እንደገና ተኳርፈዋል፤ ሚስተር ኧርልን ቀድሞ የተከተለው እኔ ነኝ፣ የለም እኔ ነኝ በሚል። ጋሽ ወርቁ ለቅዳሜ ቀጥረዋቸዋል።